ሰው አልባው አውሮፕላንና የጥሪው ወረቀት

የዛሬው ንግግሬ በቅርቡ ወደ አገር ለገባችሁ ቤተሰቦች ነው። በማኅበራዊ ኑሮ ሥራዬ ከእናቶች ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ዛሬ የሚዋጋው ድሮን ነው ይባላል፤ ታዲያ ልጄን ለምን ይጠሩብኛል?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ድሮን ምን እንደሆነ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ፣ በነሐሴ ወር እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን ማውጣቷን ታስታውሳላችሁ።

ነገር ግን ድሮን ወታደርን አያስቀርም። ትንሿ ድሮን ከወታደሩ ቀድማ ቤትና ዋሻ ትፈትሻለች፤ ይህ ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ከዚያ በኋላ ቤቱን የሚይዘው፣ መንገዱን የሚጠብቀው፣ ቁስለኛውን የሚሸከመው ሰው ነው። ድሮኗንም የሚያበር፣ ባትሪዋን የሚለውጥ ሰው ያስፈልጋል። ድሮን በብዛት የሚበርባት ዩክሬን እንኳ በ2024 የጥሪውን ዕድሜ ከ27 ወደ 25 ዝቅ አድርጋለች። በእኛም አገር ጥቅምት 7 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር 300,000 ያህል የሚሉዊም ወታደሮች በጥቂት ቀናት ተጠሩ። ጦርነቱ ሲረዝም እነዚሁ ሰዎች ሁለቴ ሦስቴ ከሥራና ከልጆቻቸው ተለዩ። በ2025 ሠራዊቱ 12,000 ያህል ወታደር እንደሚጎድለው ተናገረ። የየሺቫ ተማሪዎች ጉዳይ ያን ያህል የሚያከራክረውም ለዚህ ነው።

ጠላትም ድሮን አለው። ጥቅምት 13 ቀን 2024 በቢንያሚና አጠገብ ባለ የጎላኒ ማሠልጠኛ የምግብ አዳራሽ ላይ የሂዝቦላ ድሮን ወድቆ አራት ወጣት ወታደሮች ሞቱ። ቦታው ከግንባር የራቀ ነበር፤ ሳይረንም አልጮኸም። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም፤ «ልጄን ከኋላ ካስቀመጡት ምንም አይነካውም» ብሎ ቃል የሚገባላችሁን ሰው እንዳታምኑ ነው።

ስለ ቤታችሁም አንድ ነገር ልበል። በኢትዮጵያ ጎዳናና በአካባቢው ያሉት አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ማማድ የሌላቸው ናቸው። በኢየሩሳሌም ለሮኬት የሚሰጠው ጊዜ 90 ሰከንድ ነው። የቅርቡን ሚክላት ዛሬውኑ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ አያትም ካሉ አብረው ይሂዱ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ጻቭ ሪሾን ልጁ 17 ዓመት ገደማ ሲሆነው ይመጣል። የሕክምና ምርመራ፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ነው እንጂ በዚያው ቀን ወደ ጦር ሜዳ አይወስዱትም። ወረቀቱን ከልጁ የሚደብቁ እናቶች አሉ። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ሆኖም ያልቀረበ ልጅ እንደ ኮብላይ ተቆጥሮ ሊያዝ ይችላል፤ ጉዳቱ በልጁ ላይ ነው።

መብትም አላችሁ። የአገልግሎቱ ርዝመት ልጁ አገር በገባበት ዕድሜ ይወሰናል። አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ወላጆች ካልፈረሙ ልጃቸው ወደ ተዋጊ ክፍል አይገባም። ቤተሰቡ በእሱ ገቢ የሚኖር ከሆነ «ማሻኪት ታሽ» ለምትባለዋ ወታደር ይንገራት፤ ለቤተሰብ የሚሰጥ ርዳታ አለ። አባት ለሚሉዊም ቢጠራ ደግሞ ደመወዙን ቢቱዋሕ ለኡሚ ይተካል፤ አሠሪውም በሚሉዊሙ ምክንያት ሊያባርረው አይችልም።

ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ፣ ፖስታውን ሳትከፍቱትም ቢሆን፣ በሰፈራችሁ ወዳለው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ይዛችሁ ኑ። ልጁም አብሮ ይምጣ፤ የሚጠይቀው የራሱ ጥያቄ ይኖረዋል።