ኳሱ ለምን ይስታል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በወልድያ ስለ ስፖርት ሲነሣ ወሬው ሁሉ እግር ኳስ ነው፡፡ በ2009 ዓ.ም. ትልቁ ስታዲየም ከተመረቀ ወዲህማ ሌላው ጨዋታ ተረስቷል ለማለት ይቻላል፡፡ እኛ ግን ዛሬ ስለ ቅርጫት ኳስ እንድንናገር ፈቃዳችሁ ይሁን፡፡ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት አንጀታችንን ያራሰ አንድ ጓደኛችን ዘንድሮ መሳት ቢያበዛ፣ «እጁ ሞቷል፤ ይውጣ» የሚል ድምፅ በቡድናችን ውስጥ በርትቷል፡፡ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንመርምረው፡፡

የቀለበቱ ስፋት 45 ሳንቲ ሜትር ሲሆን የኳሱ 24 ያህል ነው፡፡ ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ያስታል?» ይል ይሆናል፡፡ ዳሩ ግን ቀለበቱ ሙሉ ስፋቱን የሚያገኘው ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚወርድ ኳስ ነው፡፡ በ45 ዲግሪ ለሚወርድ ኳስ የሚከፈተው በር 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፡፡ በ30 ዲግሪ ለሚመጣው ግን 22 ተኩል ብቻ ስለ ሆነ ብረቱን ሳይነካ ሊገባ አይችልም፡፡ እንግዲህ ኳስን ከፍ አድርጎ የሚልከው ክንድ ብቻ ሳይሆን ጕልበት ነው፡፡ እግር ሲደክም ኳሱ ዝቅ ብሎ ይሄድና የቀለበቱን ፊት መትቶ ይመለሳል፡፡ ተመልካች እጁን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የእግር ነው፡፡

ወደ መርሳ ወርዶ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሐብሩ ፀሐይ እንደ ወልድያ አየር አይምርም፡፡ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ የሚሆን ውኃ በላብ ከወጣ የተጫዋች ችሎታ እንደሚቀንስ በምርምር ታውቋል፡፡ በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ሆዱ ባዶ የሆነ ልጅ ከሰዓት በኋላ ቢስት ምን ያስደንቃል? ነፋስንና አየሩ የጎደለ ኳስን ለጊዜው እንተዋቸው፤ ለሁሉም እኩል ናቸውና፡፡

የልብ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፡፡ ለዚህ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እናምጣ፡፡ የኦርላንዶው ተጫዋች ኒክ አንደርሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 በአሜሪካ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ቡድኑ በ3 ነጥብ እየመራ ሳለ በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች አራት ነፃ ውርወራ በተከታታይ ሳተ፡፡ ቡድኑም በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈ፡፡ በዚያ የውድድር ዓመት ከ100 ውርወራ 70 ያህል ያገባ የነበረው ሰው በ1996–97 ወደ 40 ወረደ፡፡ ነፃ ውርወራን የሚጋርድ ተከላካይ የለም፤ የሚጋርደው የገዛ ሐሳብ ብቻ ነው፡፡ እንዲህ ባለው ሰው ላይ ከዳር ሆኖ መሳቅ ምን እንደሚጨምርለት አይገባንም፡፡

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፡፡ ለሦስት ሳምንት ጓደኛችን ከልምምድ በፊት 50፣ ከልምምድ በኋላ 50 ይወርውር፤ ይመዝገብም፡፡ በፊት እያገባ በኋላ የሚስት ከሆነ እግሩን እናጠንክር፤ ውኃም እናቅርብለት፡፡ ሁለቱንም ጊዜ አግብቶ በጨዋታ ላይ ብቻ ከሳተ ነገሩ የልብ ነውና ዝም እንበለው፡፡ ሁልጊዜ የሚስት ከሆነ አሠልጣኙ ክርኑን ይይለት፤ ዓይኑንም ይመርመር፡፡ መዝገቡን የሚይዙ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉናል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከስብሰባው በኋላ ቅሩልን፡፡