ፍል ውኃ ዳር የዋለ ትምህርት



የተማሪዎች ጉዞ በብዙ ትምህርት ቤቶች ዘንድ እንደ ዕረፍት ቀን ይቆጠራል። ስንቅ ይቋጠራል፤ መኪና ይከራያል፤ ዘፈን ይዘፈናል፤ ሲመሽም ተማሪው ደክሞት ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ጉዞ ትምህርት የሚሆነው ተማሪው ጥያቄ ይዞ ሲነሣና ከተመለሰም በኋላ ያየውን በአገሩ ካለው ጋር ሲያመዛዝን ነው። በኬንያ አገር፣ በናኩሩ አጠገብ ባለ አንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመምህርነት ይማሩ የነበሩ ሦስት ኢትዮጵያውያን ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

እነዚህ ተማሪዎች ከኬንያውያን ጓደኞቻቸው ጋር በቦጎሪያ ሐይቅ ዳር ያለውን ፍል ውኃ በአንድ ቀን አይተው እንዲመለሱ ተወሰነ። መምህራቸው በዋዜማው አንድ ሥራ ሰጣቸው። ናኩሩ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ የቦጎሪያ ከፍታ 990 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታ በጨመረ መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ ተማሪዎቹ በማንቆርቆሪያ ውኃ አፍልተው ቢለኩ 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሆነ። ከዚያም ቦጎሪያ ላይ ስንት ሊሆን እንደሚችል እያንዳንዳቸው አስልተው በደብተራቸው ጻፉ።

በማግሥቱ ማለዳ ተነሥተው፣ በሞጎቲዮ በኩል የምድር ወገብን ተሻግረው ወደ ቆላው ወረዱ። በሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ ሎቡሩ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ እንፋሎቱ እንደ ጭስ ይታይ ነበር። ውኃው ከመሬት እየተንተከተከ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ላይ ይረጫል። ቴርሞሜትሩን በረጅም እንጨት ጫፍ አስረው ቢነክሩት 97 ዲግሪ ገደማ አሳየ። ስሌታቸው ስለ ሠመረ ደስታቸው ታላቅ ሆነ።

በዚህ ደስታ መካከል ከሦስቱ አንዱ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብሎ በነጭ ጨው ወደ ተጋገረው መሬት እግሩን ሰነዘረ። መንገድ መሪው ሽማግሌ ክንዱን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት። በምርኩዛቸውም ያንን ቅርፊት ወጋ ቢያደርጉት ተሰበረ፤ ከሥሩም የፈላ ውኃ ታየ።

«ልጄ፣ መሬት የሚመስል ሁሉ መሬት አይደለም፤ በተረገጠው መንገድ ብቻ ሂድ» አሉት።

ልጁም ድንጋጤው ሲበርድለት፣ በስዋሂሊ ቋንቋ ለሽማግሌ በሚሰጠው የአክብሮት ስም ጠርቶ፣ «ምዜ፣ ይህን ከማን ተማሩት?» ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም የእንዶሮይስ ወገን መሆናቸውን፣ አባቶቻቸው በዚህ ዳርቻ ከብት ያሰማሩ፣ ጨው ያስልሱና ጸሎት ያደርሱ እንደ ነበር ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ1973 ስፍራው ለዱር አራዊት ጥበቃ ሲከለል ሕዝቡ ከመሬቱ እንዲነሣ ተደርጎ ነበር። አቤቱታው ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ቀርቦ፣ በ2010 የእንዶሮይስ መብት ተጥሷል የሚለው ውሳኔ ይፋ ሆነ። በ2011 ደግሞ ሐይቁ ከናኩሩና ከኤሌመንታይታ ሐይቆች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ያ ተማሪ ጠዋት በደብተሩ ላይ «ሰው የሌለበት በረሃ» ብሎ ጽፎ ነበር። ሽማግሌው ተናግረው ሲጨርሱ ያንን ሰርዞ የሕዝቡን ስም ጻፈበት። የውኃውን ሙቀት ሳይሳሳት ለክቶ የባለቤቶቹን ነገር ሳያውቅ ቢመለስ ኖሮ ትምህርቱ ግማሽ ይሆን ነበር።

ማታ መምህሩ፣ «እንዲህ ያለ ውኃ በአገራችሁ አለን?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ሶደሬን፣ ሁለተኛው ወንዶ ገነትን ጠቀሰ። ሦስተኛው የአዲስ አበባ ልጅ ነበርና ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፍል ውኃ ሲታጠብ ቢያድግም፣ ውኃው ለምን እንደሚፈላ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ እንደማያውቅ ተናገረ። ለካስ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዝናቡ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ሰርጎ ይገባና ከጋለ ዐለት ጋር ተገናኝቶ ተመልሶ ይወጣል። የአዲስ አበባም መቆርቆር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ሰፈር ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ወርዶ ከተማዪቱ ተመሠረተችና።

እንግዲህ ተማሪ የሚያስጉዝ መምህር ሦስት ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። በመጀመሪያ፣ ከመነሣት በፊት የሚለካ ወይም የሚጠየቅ ነገር ይስጥ። ሁለተኛ፣ አደጋውን አስቀድሞ ያስረዳ፤ የአገሬውንም ሰው መሪና አስተማሪ ያድርግ። ሦስተኛ፣ የታየው ሁሉ በጽሑፍ ይቀመጥ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የቦጎሪያ ሐይቅ ከፍ ብሎ አንዳንዶቹን ፍል ውኃዎች ስለ ሸፈናቸው፣ ቀድሞ በተማሪ ደብተር የተጻፈው ልክ ዛሬ ማስረጃ ሆኗል።

ለዚህ ሥራ ባሕር ማዶ መሻገር ግድ አይደለም። ለአዳማ ትምህርት ቤቶች ሶደሬ፣ ለሐዋሳዎቹም ወንዶ ገነት ቅርብ ነው። አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ረጅም እንጨት፣ አንድ ደብተርና የቦታውን ታሪክ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ከተገኙ ጉዞው ሊጀመር ይችላል።