ሳይቃጠል በቅጠል፦ የበለስ ችግኝ ተባዮችን ለይቶ ስለ መከላከል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በችግኝ ክፍል አባላት ስም የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የምንነጋገረው ከምስር ፍሬ ስለማትበልጥ ነፍሳት ነውና። ነገር ግን ከዚህ ስብሰባ ሳንወጣ የምንወስነው ነገር አለ። እንደምታውቁት ለመጪው ክረምት እሾህ የሌለው የበለስ ቅጠል ከሰሜን በመኪና አስጭነው ሊሰጡን ያሰቡ ደጋፊዎች አሉ። ሐሳባቸውን ከልብ እናመሰግናለን። ቅጠሉን ከመቀበላችን በፊት ግን አብሮት ምን ሊመጣ እንደሚችል ሁላችንም ልናውቅ ይገባል።

በለስ ለምን እንዳስፈለገን ለማስረዳት ብዙ አንደክምም። ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት እንደ ደጋው የጤፍ መሬት አይደለም፤ አፈሩ ስስ ነው፣ ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ ድንጋዩም ብዙ ነው። በለስ እንዲህ ባለው ቦታ ይበቅላል። አጥር ይሆናል፣ አፈር ይይዛል፣ በደረቅ ወራት ለከብት መኖ ይሆናል፣ ፍሬውም ለልጆቻችን ምግብ፣ ለገበያም ሸቀጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ከስሙ እንለይ። በበረሃችን ጥንትም የነበረው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ሌላ ተክል ነው። ዛሬ የምንናገርለት ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋው፣ ፍሬው የሚበላው በለስ ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እዚያ ገበሬው ተራራውን ሸፍኖበት፣ በክረምት ጎተራው ሲጎድል ቤተሰቡን የሚደግፍበት ተክል ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ኮችኒል የምትባል ነፍሳት ወደ ትግራይ እንድትገባ ተደረገ። የገባችው ለክፋት አልነበረም። ከሰውነቷ ካርሚን የሚባል ቀይ ቀለም ይገኛል፤ ይህ ቀለም ለምግብ፣ ለመጠጥና ለከንፈር ቀለም በዓለም ገበያ ይሸጣል። ገበሬው በለሱ ላይ አርብቶ፣ ለቅሞና አድርቆ እንዲሸጥ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ለቃሚው ሲያንስ ነፍሳቷ አላነሰችም። ከተመደበላት ቦታ ወጥታ በደቡብ ትግራይ በለሱን ወረረችው። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ፣ ወደቀም። ለገቢ ማስገኛ የመጣችው የብዙ ቤተሰብ ምግብና መኖ አጠፋች።

ይህን የምንነግራችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በበጎ ሐሳብ የመጣ ነገር ሁሉ ሳይመረመር እንዳይገባ ለማሳሰብ ነው። ከሌላ አገርም ምሳሌ እንጥቀስ። በአውስትራሊያ በለስ ራሱ አረም ሆኖ ሰፊ የእርሻና የግጦሽ መሬት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1925 ከአርጀንቲና አንዲት የእሳት ራት መሳይ ነፍሳት አስመጡ፤ ትሏ ቅጠሉን ከውስጥ እየበላች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በለሱን አጠፋችላቸው። በኩዊንስላንድ፣ ቡናርጋ በሚባል ቦታ በ1936 ለመታሰቢያዋ አዳራሽ ሠሩላት። በለሱ አረም ለሆነበት ሰው ነፍሳቷ ባለውለታ ናት። በለሱ ምግብ ለሆነበት ሰው ግን እንዲህ ያለችው ነፍሳት ጠላት ናት።

አሁን ወደ ራሳችን ችግኞች እንመለስ። አንድ ችግኝ ሲታመም ወዲያው መድኃኒት ከመፈለግ በፊት በሽታውን እንለይ።

የመጀመሪያው ምልክት፦ በቅጠሉ ላይ፣ ይልቁንም በእሾሁ መነሻና ሁለት ቅጠሎች በሚጋጠሙበት ቦታ፣ ነጭ ዱቄት ወይም ጥጥ መሳይ ነገር ካያችሁ በእንጨት ጨፍልቁት። እንደ ደም የቀላ ፈሳሽ ከወጣ ኮችኒል ነው። ይህ ምርመራ ገንዘብም ትምህርትም አይጠይቅም፤ ልጅም ሊያደርገው ይችላል። ነጭ ሆኖ ቀይ ካላወጣ ሌላ ጥጥ መሳይ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ጭማቂ ስለሚመጥ መታጠብ አለበት።

ሁለተኛው፦ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ፣ በቅጠሉ ላይ እንደ ቅርፊት የተለጠፈ ክብ ነጥብ። ሲፋቅ ይላቀቃል፣ ቀይ አያወጣም። ይህም ጭማቂ መጣጭ ነው፤ ሲበዛ ቅጠሉን ያገረጣዋል።

ሦስተኛው፦ ለስላሳው አዲስ ቅጠል ተቦጭቆ ወይም ተቦርቡሮ ከተገኘ ነፍሳት ብቻ አትጠርጥሩ። በማለዳ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ካለ ቀንድ አውጣ ነው። የጥርስ ምልክት ካለ አይጥ፣ ጃርት ወይም ፍየል ነው። ለእነዚህ መፍትሔው አጥርና ጥበቃ ነው።

አራተኛው፦ ችግኙ ከሥሩ ለስልሶና ጠቁሮ ከሸተተ፣ ውኃ በዝቶበት በስብሷል። ቅጠሉ ተቆርጦ ቁስሉ ሳይደርቅ ሲተከል ወይም ውኃ በሚያቁር መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የተቆረጠውን ቅጠል በጥላ ሥር ከ1 እስከ 2 ሳምንት አቆይተን፣ ቁስሉ ሲደርቅ ውኃ በማያቁር ቦታ እንተክላለን።

ከእነዚህ ሁሉ የሚያሰጋን ኮችኒል ነው። እናቲቱ አንድ ቦታ ተጣብቃ ትኖራለች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችም ትጥላለች። ጫጩቶቿ በዓይን ለማየት እስኪያስቸግሩ ድረስ ጥቃቅን ናቸው፤ በነፋስ ይበተናሉ፣ በልብስና በእንስሳት ፀጉርም ይወሰዳሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሩቅ አገር የምትደርሰው በሰው እጅ፣ በችግኝ ላይ ሆና ነው። ገና የተጣበቁት ጫጩቶች ነጩን ዱቄት በደንብ ስላላወጡ፣ ዛሬ ንጹሕ የመሰለ ቅጠል ከሳምንታት በኋላ ነጥቶ ሊገኝ ይችላል።

ብርቱ ዝናብ ነፍሳቷን ከቅጠሉ ላይ ያጥባታል፤ በዚህ ክረምታችን ያግዘናል። የምንፈራው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ደረቅ ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት እያንዳንዷ አባል ችግኟን በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅጠሉን ከፊትም ከኋላም ትመልከት።

ጥቂት ከተገኘ በሳሙና ውኃና በልብስ ብሩሽ ፈትጎ ማጠብ ነው። ለ1 ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በመጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ፤ ፀሐይ በበረታበት ሰዓትም አታድርጉት። በየሳምንቱ ይደገም፤ አንድ ጊዜ ማጠብ ያመለጡትን ጫጩቶች አያጠፋም። ብዙ ከሆነ ቅጠሉን ከመቁረጣችሁ በፊት በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑት፣ ከዚያ ቆርጣችሁ እዚያው አጠገብ ቢያንስ 2 ክንድ በሚጠልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። በመንገድ ዳር ወይም በወንዝ ውስጥ የተጣለ ቅጠል ነፍሳቷን ይዞ ሌላ ቦታ ይበቅላል።

ለጤፍ የተገዛ ፀረ ተባይ ግን በለስ ላይ አትርጩ። ነጩ ሰም የነፍሳቷን ገላ ስለሚሸፍን መድኃኒቱ በደንብ አይደርስባትም፤ እኛ ግን ፍሬውን እንበላለን፣ ከብቶቻችንም ቅጠሉን ይበላሉ። ነፍሳቷን የሚበሉ ጥቃቅን ጥንዚዛዎችንም ይገድልብናል።

«ታዲያ ለምን እኛም ቀለሙን አንሸጥም?» ያላችሁ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ነፍሳት ለማግኘት ከ100 ሺህ በላይ ነፍሳት በእጅ መልቀም ይጠይቃል። ገዢው ቀርቶ ነፍሳቷ የቀረች ቀን ዕዳው የሚወድቀው በእኛ አጥር ላይ ነው። በለስ ከነፍሳት ነፃ ሆኖ የሚሰጠንን አናስይዝበት።

ስለዚህ የችግኝ ክፍላችን ለጉባኤው 3 ነገሮች ያቀርባል። አንደኛ፣ ከሩቅ የሚመጣ የበለስ ቅጠል በዚህ ዓመት አንቀበል፤ እዚሁ በአካባቢያችን ካለው፣ መርምረን ንጹሕ ካገኘነው በለስ እናባዛ። ሁለተኛ፣ ከጎረቤት ቀበሌ የሚመጣም ቢሆን ከሌላው ርቆ በተለየ ቦታ 2 ወር ይቆይ፤ በየሳምንቱ ታይቶ ንጹሕነቱ ሲረጋገጥ ይከፋፈል። ሦስተኛ፣ ነጩን ዱቄት ያየች አባል የሰው ዓይን ሳትፈራ በዚያው ቀን ለክፍላችንና ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ትንገር። ተባይ የያዘው ችግኝ የባለቤቱን ስንፍና አያሳይም፤ የተደበቀ ግን የጎረቤትን አጥር ያጠፋል።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው ይህን ነው። ለመኪናው ኪራይ የታሰበው ገንዘብ ለችግኝ ጣቢያው አጥር፣ ለብሩሽ፣ ለሳሙናና ለጆንያ ቢውል ስጦታችሁ ይበልጥ ይቆይልናል። ችግኙ ቁጥሩ ያንሳል፣ አንድ ዓመትም ያዘገየናል። ነገር ግን ከነፍሳት ጋር ከሚመጣ ብዙ፣ ንጹሕ ጥቂት ይሻለናል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። እሳቱ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ቅጠሉ በእጃችን ነው። አሁን ሐሳባችሁን እንስማና ድምፅ እንስጥ።