ለፋብሪካ የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር በወረዳ ምክክር ፊት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ከሚሴ የሚወርደው አውራ ጎዳና የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ሲጓዝ በመካከሉ ሐርቡን ያገኛል። ሐርቡ በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ምድር፣ በዋናው መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፣ ውሃ በሚደርስበትም ሁሉ ፍራፍሬና አትክልት የሚለማበት የእርሻ መሬት አለ። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ፋብሪካ ለማቋቋም የሚነሣ ድርጅት ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ እነርሱም መሬት፣ ውሃና የኤሌክትሪክ ኃይል ናቸው። መሬቱ በአንድ ቦታ ተለክቶ ይሰጠዋል፤ ውሃውም ከዚያው ከቅርቡ ተቆፍሮ ይገኝ ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከሩቅ የሚመጣና ከፋብሪካው ጋር ምንም ውል የሌላቸውን የብዙ ሰዎች ማሳ እየተሻገረ የሚያልፍ ነው። ከሦስቱ መካከል ከሕዝብና ከአስተዳደር ጋር ሰፊ ምክክር የሚያስፈልገው ይኸው ሦስተኛው ሆኖ ሳለ፣ በመጨረሻና በችኮላ የሚታየው እርሱ መሆኑ የታወቀ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም አንድ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ለፋብሪካ የታቀደን መስመር ሲመረምር ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ መሐንዲሱስ ምን ይዞ መቅረብ እንደሚገባው ማመልከት ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ስለ ምን ከበደ?

ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ባሕር ጠረፍ ከሚወርደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ በመሆኗ፣ የኢንዱስትሪ ሥፍራነቷ የቆየ ነው። የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ተቋቁመውባታል፤ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቋል። ከተማዋ በተራሮች የተከበበች እንደ መሆኗ፣ ሰፊና ሜዳማ መሬት የሚፈልግ ድርጅት ዓይኑን ወደ ደቡቡ ሸለቆ፣ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ ቢያዞር የሚያስገርም አይሆንም።

በአንፃሩ የአገሪቱ የኃይል ችግር መልኩን ለውጧል። ቀድሞ ዋናው ጥያቄ የማመንጨት አቅም ነበር። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ግን፣ የተመነጨውን ኃይል ወደ ተጠቃሚው ማድረስ የበለጠው ጥያቄ ሆኗል። ለአንድ ፋብሪካ ከባዱ ጉዞ ከግድቡ እስከ ኮምቦልቻ ያለው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሳይሆን፣ ከማከፋፈያ ጣቢያው እስከ ደጁ ያለው የመጨረሻው ሃያ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ለዚህ አካባቢው ራሱ ምስክር አለው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም ተጀመረ። ሀዲዱ የታቀደው በኤሌክትሪክ ለሚሳብ ባቡር ነው። ሆኖም እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል በአብዛኛው ተሠርቶ ሳለ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ከሀዲዱ ጋር እኩል ባለመድረሱ፣ ባቡሩ በታሰበው ጊዜ አገልግሎት ሊጀምር አልቻለም። የጦርነቱም ጉዳት ኋላ በላዩ ተጨመረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የኃይል መስመር የሌላ ሥራ ተከታይ ተደርጎ ሲታሰብ፣ ዋናው ሥራ ራሱ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ምርመራው ከየት ይመነጫል?

የአካባቢው አስተዳደር ምርመራ የሹማምንት በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ሕግ ያቆመው ሥርዓት ነው። በ1987 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥት ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ እንዲገለጥና ጉዳት ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ አስተያየት እንዲካተት አዟል። ስለ መሬት መልቀቅና ስለ ካሣ የወጣው፣ ኋላም ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች አስቀድሞ እንዲመከሩ፣ ቅር የተሰኘም ሰው አቤቱታውን ለቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ለይግባኝ ሰሚ፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት እንዲያቀርብ መንገድ ከፍቷል።

በኤሌክትሪኩ ወገን ያለው አሠራርም መታወቅ አለበት። በ1948 ዓ.ም የተቋቋመው የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ሥራውን ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ይመራ ነበር። በ2006 ዓ.ም ግን ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ማመንጨቱና የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። በመሆኑም የአንድ ፋብሪካ መስመር በምን ያህል ቮልቴጅ ይሠራ የሚለው ውሳኔ፣ ወረዳው ከየትኛው መሥሪያ ቤት ጋር እንደሚነጋገርም አብሮ የሚወስን ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩ በቁጥር እንዲታይ የሚከተለው ይታሰብ። በሐርቡ አጠገብ 5 ሜጋ ዋት የሚፈልግ ፋብሪካ ሊቋቋም ነው፤ የኃይል ፋክተሩ 0.9 ነው፤ መስመሩ ከኮምቦልቻ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሽቦው ሬዚስታንስና ሪአክታንስ እያንዳንዳቸው በኪሎ ሜትር 0.35 ኦም ያህል ናቸው። ምሳሌው ለስሌት ብቻ የቀረበ ሲሆን የማንኛውም ድርጅት ዕቅድ አይደለም።

መስመሩ በ15 ኪሎ ቮልት ቢሠራ፣ ፋብሪካው ዘንድ ሲደርስ ቮልቴጁ ከመቶ 23 ያህል ይወርዳል፤ በመንገድ ላይም 960 ኪሎ ዋት ያህል በሙቀት ይባክናል። በዚህ ሁኔታ ሞተሮቹ ሊሠሩ አይችሉም። በ33 ኪሎ ቮልት ቢሆን የቮልቴጁ መውረድ ወደ ከመቶ 5፣ ብክነቱም ወደ 200 ኪሎ ዋት ዝቅ ይላል። ፋብሪካው በዓመት 6,000 ሰዓት ቢሠራ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ4 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። በ132 ኪሎ ቮልት ቢሆን የቮልቴጁ መውረድ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በፋብሪካው ደጅ ራሱን የቻለ ማከፋፈያ ጣቢያ መሥራት የግድ ይሆናል።

ይህ እስከዚህ ድረስ የመሐንዲሶች ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ቮልቴጁ ሲመረጥ የመሬቱም ስፋት አብሮ ይመረጣል። ለ132 ኪሎ ቮልት መስመር 30 ሜትር ስፋት ቢከለል 20 ኪሎ ሜትሩ 60 ሄክታር ይሸፍናል፤ ለ33 ኪሎ ቮልት 10 ሜትር ቢበቃ 20 ሄክታር ይሆናል። እርግጥ ከዚህ መሬት ከእርሻ ጨርሶ የሚወጣው ምሰሶዎቹ የሚተከሉበት ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ጤፉም ማሽላውም ከሽቦው ሥር ይዘራል። ባሕር ዛፍና ሌላ ረጅም ዛፍ ግን አይተከልም፤ ቤትም አይሠራም። የባሕር ዛፍ ደን ለልጁ ማቋቋሚያ ላሰበ ገበሬ፣ «መሬቱ አልተወሰደብህም» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ብቻ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገርም አለ። የ132 ኪሎ ቮልት መስመር በአንድ መንደር ላይ ሲያልፍ ለመንደሩ አምፖል አያበራም፤ ከእርሱ ኃይል ለመቅዳት ትልቅ ጣቢያ ያስፈልጋልና። ከ33 ኪሎ ቮልት መስመር ግን ለመንደር የሚሆን አነስተኛ ትራንስፎርመር ተክሎ ማብራት ይቻላል። ጨለማ ውስጥ ያለ መንደር በራሱ ማሳ ላይ የተዘረጋውን ሽቦ ሌሊት ሌሊት ቀና ብሎ እያየ፣ ከማዶ የፋብሪካው ብርሃን ሲታየው የሚሰማውን የትኛውም የካሣ ስሌት አይለካውም። ስለዚህ ቮልቴጁን መምረጥ የሕዝብም ጥያቄ ነው።

በዚህ ረገድ መሐንዲሱ እውነቱን ሳይሸፍን መናገር አለበት። መንደሮችና ፋብሪካ በአንድ መስመር ላይ ሲሆኑ በመንደሩ ቅርንጫፍ የሚደርስ ብልሽት ፋብሪካውን ሊያቆም ይችላል፤ የፋብሪካውም ትልልቅ ሞተሮች ሲነሡ የመንደሩ መብራት ይዋዥቃል። ይህን በየቅርንጫፉ መጠበቂያ በማኖር መቀነስ ይቻላል፤ ወይም በዚያው ምሰሶ ላይ አንዱ ለፋብሪካው ሌላው ለመንደሮቹ የሆነ ሁለት መስመር መዘርጋት ይቻላል። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል የሚወሰነው ደግሞ ምሰሶው ከመተከሉ በፊት በሚደረገው ምክክር ነው።

የመስመሩ አቅጣጫ

በቢሮ ውስጥ በካርታ ላይ የሚሰመር መስመር አጭሩንና ቀጥተኛውን ይመርጣል። ካርታው ግን የማያውቀው ብዙ አለ። ባዶ መስሎ የሚታየው ጉብታ የቅሬ አባላት ሙታናቸውን የሚቀብሩበት ሥፍራ ሊሆን ይችላል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ተደራጅቶ መቀባበሩ የታወቀ በመሆኑ፣ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ላይ የሚደረግ ስሕተት የመንደሩን ሁሉ ልብ ያስቀይማል። ደረቅ መስሎ የሚታየው መስክ በክረምት የሚረግድና የምሰሶ መሠረት የማይዝ ረግረግ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቁት በዚያው ላይ የሚያርሱና ከብት የሚያሰማሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱን መጠየቅ በጎነት ብቻ አይደለም፤ የቅየሳ ሥራ አንዱ ክፍል ነው። ከሐርቡ በስተ ደቡብ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሚዋሰን እንደ መሆኑ፣ ስብሰባው እንደ ተሰብሳቢው ሁኔታ በአማርኛም በኦሮምኛም መካሄድ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። ምክክሩ መስመሩ ገና ሊታጠፍ በሚችልበት ጊዜ ከተደረገ ምክክር ነው፤ ችካል ከተተከለ፣ ምሰሶ ከተገዛና ከተቋራጭ ጋር ውል ከታሰረ በኋላ ከተደረገ ግን ማስታወቂያ ብቻ ነው። ያን ጊዜ መቶ ሜትር ማጠፍ ውል ማፍረስ ይሆናል፤ ገበሬው እንቢ ሲል ሥራው ይቆማል፤ የቆመ ሥራም በየቀኑ ያስከፍላል። ይህ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

የሌላ አገር ልምድ

በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሆነው ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። ከሰሜን ዳኮታ የድንጋይ ከሰል ኃይል ጣቢያ ተነሥቶ 400 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የሚያስተላልፍ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መስመር በገበሬዎች መሬት ላይ ሊያልፍ ታቀደ። የአካባቢው አስተዳደር ምርመራ ለሠሪዎቹ እንደማይመች በታየ ጊዜ ጉዳዩ ከአካባቢው እጅ ወጥቶ ወደ ክፍለ ግዛቱ ተወሰደ። ፈቃዱ በሕግ ተገኘ፤ መስመሩም ተሠርቶ አለቀ። ገበሬዎቹ ግን ነገሩ እንደ ተነጠቀባቸው ቆጥረውት ስለ ነበር ከአሥር በላይ የብረት ማማዎች በሌሊት ተጣሉ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ስኒዎችም ተሰበሩ። መስመሩን የሠሩት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ራሳቸው የገበሬዎች ማኅበራት መሆናቸው ነገሩን የበለጠ ያሳዝነዋል። በሕግ ትክክል የሆነ ነገር ሁሉ በሰው ዘንድ ይጸናል ማለት አይደለም።

የሁለቱ ወገኖች ግዴታ

ምርመራ ሥራን ያዘገያል፣ ፋብሪካውም ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዳል የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው መሠረት የለውም አይባልም። ሥራ የሚጠብቅ ወጣት በበዛበት ከተማ አንድ ፋብሪካ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማለቂያ የሌለው ስብሰባም ማንንም አይጠቅምም። መፍትሔው ግን ምርመራውን መተው ሳይሆን ወሰን ማበጀት ነው። አስተዳደሩ መልስ የሚሰጥበትን ቀን አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያድርግ፤ የማያውቀውን የሙያ ጉዳይ ለመዳኘት ሳይሞክር የሚያውቀውን መሬትና ሕዝብ ይመርምር። የሚጠይቃቸውም አራት ጥያቄዎች ናቸው፤ ቮልቴጁ ስለ ምን ይህ ሆነ? ሌላ ምን አቅጣጫ ታይቶ ነበር? ኃይሉ ከፋብሪካው ግንባታ ጋር እኩል ይደርሳልን? በመንገዱ ላይ ያሉት መንደሮችስ ምን ያገኛሉ?

የመሐንዲሱ ግዴታ ደግሞ ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች ሳይጠየቅ መልስ ይዞ መቅረብ ነው። አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞ የሚመጣ መሐንዲስ ፊርማ ፈላጊ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ከነርዝመታቸው፣ ከነዋጋቸው፣ ከሚነኩት ማሳና ቤት ብዛት ጋር ይዞ የሚመጣ ግን ምክር ፈላጊ ነው። ቁጥሩንም ገበሬው በሚለካበት መለኪያ ሊያስረዳው ይገባል፤ ሄክታሩን በጥማድ፣ የመስመሩን ስፋት በእርምጃ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ያሳየው።

የፋብሪካው ባለቤት ከመስመሩ ብዙ ሊርቅ ይችላል፤ ውሉን የፈረመውም ሹም ነገ ይዛወር ይሆናል። የቅየሳ መሣሪያውን ተሸክሞ በማሽላው መካከል የሚያልፈው፣ ኋላም ብልሽት ሲደርስ በዚያው ማሳ ለጥገና የሚመለሰው የሙያው ሰው ነው። በሐርቡ ሸለቆ የሚተከል ምሰሶ ለብዙ ዓመታት ይቆማል። ከሥሩ የሚያርሰው ገበሬ ጥበቃ ያደርግለት ወይም ፊቱን ያዞርበት እንደ ሆነ የሚወሰነው፣ ገና በወረቀት ላይ ሳለ በሚደረገው ምክክር ነው።