ስብሰባን በሥርዓት ስለ መምራት

(በሐይቅና በአምባሰል ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የንባብ ትምህርታችን ሲያልቅ አንድ አባት፣ «ፊደሉንስ ቆጠርነው፤ እንግዲህ ምን እናድርግበት?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ዶማ የሚገዛው ሊቆፈርበት ነው። ፊደልም የሚቆጠረው ሊሠራበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ፊደል በስብሰባ ላይ ምን ሥራ እንደሚሠራ እንነጋገራለን።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን የመጣን ተማሪዎች ነን። ዕድሜያችን ከልጆቻችሁ ዕድሜ አይበልጥም። ስለ ስብሰባ ለእናንተ ልናስተምር ስንነሣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይባልብን እንፈራለን። ስብሰባን ከእኛ በፊት ታውቁታላችሁና። የወሎ ቅሬ ራሱ የስብሰባ ትምህርት ቤት ነው። ሰው ሲሞት ማን እንደሚጣራ፣ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን እንጨትና ውሃ እንደሚያመጣ፣ የቀረውም ምን እንደሚቀጣ ሁሉም ያውቃል። ሽማግሎች ለእርቅ ሲቀመጡም አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ከሳሽ ነገሩን ሳይጨርስ ተከሳሽ አይገባበትም። ይህ ሁሉ ሥርዓት ነው።

እኛ በዚህ ላይ የምንጨምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ድምፅን በትክክል መቁጠር ነው። ሁለተኛው የተወሰነውን ጽፎ፣ መልሶ አንብቦ፣ ከዚያ በኋላ መፈረም ነው።

አንዲት ቃል ያደረቀችው ሽንኩርት

ከአምባሰል ተራራ ሥር ባለች አንዲት መንደር የሆነውን እንንገራችሁ። የመንደሯንም የሰዎቹንም ስም አንጠራም። ነገሩ ለትምህርት እንጂ ለሐሜት አይደለም።

በዚያች መንደር ሰዎች አንዲት ምንጭ ጠልፈው በተራ ያጠጣሉ። ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ትንሽ የሽንኩርት መደብ አላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ተጠቃሚዎቹ ተሰብስበው፣ «እኚህ እናት በየሳምንቱ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ያጠጡ» ብለው ተስማሙ። ጸሐፊው ጻፈ። መሽቶ ስለነበር ሁሉም ለመሄድ ተቻኮለ። የሚችል ፈረመ፤ የማይችል በጣቱ አተመ። እኚህም እናት በጣታቸው አተሙ።

በጋው ሲጠና ከላይ ያለው ጎረቤት ማክሰኞ ዕለት ውሃውን ወደ ማሳው መለሰው። እናትየዋ ለውሃ አባት ከሰሱ። መዝገብ ይምጣ ተባለ። መዝገቡ ሲገለጥ፣ «ውሃ ከተረፈ ማክሰኞ ጠዋት ታጠጣለች» ይል ነበር። «ከተረፈ» የምትለውን ቃል በስብሰባው ላይ የሰማት ሰው አልተገኘም። ስሕተት ትሁን ተንኮል የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ከሥሯ የእናትየዋ ጣት አለ። ምን ብለው ይከራከሩ? በበጋ ውሃ አይተርፍም። ሽንኩርቱ ደረቀ።

በዚህ ዓመት እኚህ እናት ከእኛ ጋር ፊደል ቆጠሩ። ከዚያ በአንድ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው «ኑና ፈርሙ» ሲል ተነሡና፣ «ከመፈረሜ በፊት ይነበብልኝ፤ ቀጥሎም ራሴ አያለሁ» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ሰብሳቢውም «መሽቷል» አለ። አንድ ሽማግሌ ግን፣ «ለማንበብ ከመሸ ለመፈረምም መሽቷል» ብለው መዝገቡን አስነበቡ። እናትየዋ በዚያው የራሳቸው ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ አመለከቱ።

ውጫሌ ላይ የሆነው

ወገኖቻችን፣ በአንዲት ቃል መጎዳት በእኚህ እናት አልተጀመረም። በዚሁ በአምባሰል፣ በውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። በኢጣሊያ በኩል የነበረው ሰው አንቶኔሊ ይባላል። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት ረዳትነት ለመጠቀም ይቻላቸዋል ይል ነበር። የኢጣሊያንኛው ግን በኢጣሊያ በኩል እንዲያደርጉ የሚያስገድድ ሆኖ ተጻፈ። በዚህም ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አሳወቀች። ምኒልክ ነገሩን ሲረዱ አልቀበልም አሉ፤ ውሉንም አፈረሱ። ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተለየ።

«ይችላል» እና «ግዴታ አለበት» በአፍ ሲነገሩ የተቀራረቡ ይመስላሉ። በወረቀት ላይ ግን የአገር ነጻነት በመካከላቸው አለ። እንደዚሁም «ታጠጣለች» እና «ከተረፈ ታጠጣለች» በሚሉት መካከል የአንድ ቤት እንጀራ አለ።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። አካባቢያችንም ይህን ከጥንት ያውቀዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ በሰጡት የወንጌል መጽሐፍ ላይ የገዳሙ ንብረት ተመዝግቦ ይገኛል። ቁርኣንም በበቀራ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 282፣ የዕዳ ውል በጸሐፊ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ያዛል። ስለዚህ መጻፍና ማስመስከር ለሐይቅም ለአምባሰልም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ስብሰባው እንዴት ተመራ?

አሁን የእናትየዋ ጉዳይ የታየበት ስብሰባ እንዴት እንደ ሄደ ደረጃ በደረጃ እንንገራችሁ። እናንተም የቅሬም ይሁን የመስኖ ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ስብሰባ ስትመሩ ይረዳችኋል።

አንደኛ፣ አጀንዳ። ስለ ምን እንደሚሰበሰቡ ከሳምንት በፊት ተነገረ። ቀኑም የጁምዓ ሰላትን፣ የእሑድን ቅዳሴና የገበያን ቀን የማይነካ ሆኖ ተመረጠ። አጀንዳው አስቀድሞ ካልተነገረ የሚያውቀው ጠሪው ብቻ ነው። የቀረው ሰው ሳያስብበት ይመጣል፤ ሳያስብበትም እጁን ያወጣል።

ሁለተኛ፣ ምልዓተ ጉባኤ። ይህ ቃል «ስብሰባውን ለመጀመር የሚበቃ ሰው ተገኝቷል» ማለት ነው። የምንጩ ተጠቃሚዎች 60 ናቸው። ከግማሽ በላይ ለመሆን 31 ሰው ያስፈልጋል። የመጡት 41 ስለሆኑ ስብሰባው ተጀመረ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 መሠረት ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤው አይሟላም። አሥር ሰዎች ተሰብስበው ስድሳውን የሚያስር ነገር እንዳይወስኑ የሚከለክለው ይህ ደንብ ነው።

ሦስተኛ፣ ሰብሳቢ። ሰብሳቢ ተራ ይሰጣል፤ አይከራከርም። የዚያን ዕለት ሰብሳቢው ከላይ ላለው ጎረቤት ዘመድ ነበር። ስለዚህ፣ «በዚህ ነገር እኔ ባልመራ ይሻላል» ብሎ ቦታውን ለምክትሉ ለቀቀ። ይህ ክብሩን አልቀነሰበትም፤ ጨመረለት እንጂ።

አራተኛ፣ ተራ። መናገር የፈለገ እጁን ያወጣል። ጸሐፊው ስሙን በተራ ይይዛል። አንዴም ያልተናገረ ሰው ሁለቴ ከተናገረው ይቀድማል። ሁሉም ንግግሩን ወደ ሰብሳቢው ያቀናል እንጂ ጎረቤቱን «አንተ! አንተ!» አይልም። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ጠብ ታበርዳለች። በተለይ ከኋላ ለሚቀመጡት እናቶች ተራ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ተራ በሌለበት የሚሰማው ድምፀ ጎርናናው ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ የውሳኔ ሐሳብ። «ይህች ሴት ተበድላለች» ማለት አስተያየት ነው። «ውሃ ከተረፈ የሚለው ወጥቶ ማክሰኞ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ያጠጡ ተብሎ ይወሰን» ማለት ግን የውሳኔ ሐሳብ ነው። ድምፅ የሚሰጠው በዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ሲቀርብ ሌላ ሰው «እደግፋለሁ» ይላል። ከአቅራቢው በቀር አንድ እንኳ ደጋፊ የሌለው ሐሳብ የሁሉንም ጊዜ አይወስድም።

ስድስተኛ፣ ማሻሻያ። አንድ ገበሬ፣ «እኔ አልቃወምም፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ለቦይ ጠረጋ ሰው ይላኩ የሚል ይጨመርበት» አለ። ይህ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያ ሲኖር ድምፅ የሚሰጠው መጀመሪያ በማሻሻያው ላይ፣ ቀጥሎ በዋናው ሐሳብ ላይ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሰው የደገፈውን አያውቀውም። ማሻሻያው በ30 ድጋፍ፣ በ8 ተቃውሞና በ3 ድምፀ ተዓቅቦ አለፈ። እናትየዋም «ልጄን እልካለሁ» ብለው ተስማሙ።

ሰባተኛ፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ። በመካከሉ አንድ ሰው ተነሥቶ የድሮ የድንበር ጠብ አመጣ። ሌላው እጁን አውጥቶ፣ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ከአጀንዳችን ውጭ ነው» አለ። ሰብሳቢው ተቀበለና የድንበሩን ጉዳይ ለሌላ ቀን አስያዘ። የሥነ ሥርዓት ጥያቄ የስብሰባውን መንገድ ለማቅናት ብቻ ነው። የማንወደውን ሰው አፍ ለመዝጋት ከተጠቀምንበት ግን ራሱ በደል ይሆናል።

ስምንተኛ፣ ድምፅ። ዋናው ሐሳብ 33 ድጋፍ፣ 5 ተቃውሞና 3 ድምፀ ተዓቅቦ አገኘ። ድምርቱ 41 ነው። ከመጡት ሰዎች ጋር እኩል ከሆነ ቆጠራው ልክ ነው። ካልሆነ እንደገና ይቆጠራል። ባለ ብዙ በሬውም መበለቷም ያላቸው አንድ አንድ ድምፅ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009ም ይህንኑ መርሕ ይከተላል፤ አባሉ የገዛው ዕጣ ብዙም ይሁን ጥቂት ድምፁ አንድ ነው። የተቃወሙት 5 ሰዎችም ተቃውሟቸው ይመዘገብላቸዋል። ውሳኔውን ግን እንደ ሌላው ያከብራሉ። አዲስ ነገር ከተገኘ እንደገና አጀንዳ ማስያዝ ይችላሉ።

ዘጠነኛ፣ ቃለ ጉባኤ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የመጡት ቁጥር፣ አጀንዳው፣ ውሳኔው፣ የድምፁም ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ ማንም ከመነሣቱ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የዚያን ዕለት አሮጌው ገጽ አልተፋቀም፤ አልተቀደደምም። አዲሱ ውሳኔ በአዲስ ገጽ ተጻፈ። ስብሰባ የወሰነውን የሚለውጠው ስብሰባ እንጂ ምላጭ አይደለም።

ቃሉን መያዝ ብቻውን አይበቃም

አባቶች እንደምታስታውሱት በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ፣ ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የገበሬዎች ማኅበር እንዲቋቋም ተደነገገ። ያን ጊዜ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ቃለ ጉባኤ የሚሉት ቃላት በየመንደሩ ተዘወተሩ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስብሰባው ከላይ የወረደ ትእዛዝ መስሚያ ሆነ። እጅ ማውጣት ነበር፤ «አይሆንም» ማለት ግን ያስፈራ ነበር። ከዚህ የምንማረው ቃሉ ብቻውን ሥርዓት እንደማይሆን ነው። ሥርዓት አለ የሚባለው የማይስማማው ሰውም ሳይፈራ ተናግሮ ቤቱ ሲገባ ነው።

ስብሰባ መምራት ያልተማረን ሰው ብቻ የሚያስቸግር አይምሰላችሁ። ሄንሪ ሮበርት የሚባል አሜሪካዊ የጦር መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስብሰባ እንዲመራ ተጠየቀ። አመራሩን አያውቅም ነበርና ስብሰባው ተበጠበጠበት። በዚያ አፍሮ ማጥናት ጀመረ። በ1876 የስብሰባ ደንብ መጽሐፍ አሳተመ፤ ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ማፈር ነውር አይደለም። አፍሮ መቅረት ነው ነውሩ።

ወገኖቻችን፣ የእናትየዋ የደረቀ ሽንኩርት አልተመለሰም። ማንም አልካሳቸውም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ውሃቸው ይመጣል። በመዝገቡ ላይም ከውሳኔው ሥር በዚህ ጊዜ የጣት አሻራ የለም። በእጃቸው የጻፉት ስማቸው አለ። ፊደሎቹ ትንሽ ያዘነብላሉ፤ ይነበባሉ ግን።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ትምህርታችን የምንሰጣችሁ ሥራ ይህ ነው። ቅሬያችሁ ሲሰበሰብ ያለፈው ቃለ ጉባኤ እንዲነበብ ጠይቁ። ሲነበብም ከጎን ሆናችሁ በዓይናችሁ ተከተሉ። ያልገባችሁን ቃል ጽፋችሁ አምጡልን፤ አብረን እናነበዋለን።