ለአንድ ዐዋቂ አንድ አስተማሪ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የንግግሬ አርእስት «ዐዋቂን ሰው ለብቻው እንግሊዝኛ ስለ ማስተማር» የሚል ነው። አርእስቱ ትንሽ መስሎ ቢታይም ነገሩ የብዙዎቻችንን ቤት የሚነካ ነው።

እንደሚታወቀው እንግሊዝኛ በታችኞቹ ክፍሎች እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ሒሳቡም ሳይንሱም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በዚያ ዓመት ተማሪው አዲስ ደጅ ሲገባ ወላጁ ውጭ ይቀራል። እስከ 8ኛ ክፍል የልጁን ደብተር ገልጦ «እስቲ ይህን አስረዳኝ» ይል የነበረ አባት፣ ከዚያ ወዲህ ማንበብ የሚችለው በቀይ ቀለም የተጻፈውን ማርክ ብቻ ነው።

እኔ በእንጅባራ የማስተምራቸው ሰው ልብስ ሰፊ ናቸው። እንግሊዝኛ የፈለጉት ውጭ አገር ለመሄድ ሳይሆን 9ኛ ክፍል የገባችውን ልጃቸውን ማታ ማታ ስለ ትምህርቷ ለመጠየቅ ነው። ስለዚህ አስተማሪ መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት «ለምን ፈለጉት?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ዐዋቂ ሰው ከእንጀራው ሰዓት ቀንሶ ስለሚማር፣ ዛሬ ያጠናው ቃል ነገ ካላገለገለው ይሰለቻል። እኛም የጀመርነው ከመርፌ፣ ከክርና ከመቀስ ነው፤ በአንድ ቀን ከአምስት ቃል አናልፍም።

ሁለተኛው ነገር፣ ዐዋቂ ሰው ባዶ ሰሌዳ አለመሆኑ ነው። በስፌት መኪናቸው ላይ የተጻፈውን ስም ብዙ ሰው «ሲንጀር» ይለዋል። በእንግሊዝኛው አነጋገር ግን በመካከል ያለው አንድ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው። አማርኛ ብቻ የለመደ አፍ ከኋላው «ግ» መጨመር ይቀናዋል። የእኒህ ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን አዊኛ ነው፤ በአዊኛ ይህ ድምፅ ራሱን የቻለ ስለ ሆነ «ጝ» ተብሎ ይጻፋል፤ «አውጚ» በሚለው በቋንቋው ስም ውስጥም ይሰማል። ስለዚህ «ሲጘር» ብለው ያለ ምንም ችግር አነበቡት። በዚያ ቃል አስተማሪው እሳቸው ሆኑ።

ሦስተኛውና ዋናው ክብር ነው። እሳቸው በቀልድ «የኔታ» ይሉኛል፤ እኔም «ጋሼ» እላቸዋለሁ። «መቀስ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከ«ኤስ» ቀጥሎ «ሲ» እንደምትገባና ድምፅ እንደሌላት ብነግራቸው፣ «የኔታ፣ ሥራ ከሌላት ለምን ሰልፍ ውስጥ ገባች?» አሉኝ። በእኛ ፊደል የተጻፈው ምልክት ሁሉ ስለሚነበብ ጥያቄያቸው የዐዋቂ ጥያቄ ነው፤ ሊሳቅበት አይገባም። ሕፃን ሲሳሳት ቢሳቅበት ነገ ይረሳዋል፤ ዐዋቂ ግን በደንበኛው ፊት ቢታረም ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ የምንማረው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዐረፍተ ነገሩን እስኪጨርሱ አላቋርጣቸውም፤ ከስሕተቶቹም መካከል ትርጉም የሚያበላሸውን አንዱን ብቻ መርጬ አርማለሁ።

ይህ ዐይነት ትምህርት በታሪካችን አዲስ አይደለም። በአማራ ምድር በመካነ ሥላሴ የተወለዱት አባ ጎርጎርዮስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1649 በሮማ ከተማ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ በጀርመን አገር በጎታ ከተማ ተቀምጠው አማርኛንና የአገራቸውን ነገር አስረዱት። ሉዶልፍም በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይህ ሁሉ ፍሬ የተገኘው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ዕውቀት አክብሮ ስለ ተነጋገረ ነው።

ልብስ ሰፊው ዛሬም የልጃቸውን መጽሐፍ አንብበው አይጨርሱም። ነገር ግን በቅርቡ በባዮሎጂ መጽሐፏ ላይ የሴልን ሥዕል በጣታቸው እያመለከቱ «ዋት ኢዝ ዚስ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ አስረዳቻቸው። አባት መልሱን ባያውቅም መጠየቅ ከቻለ፣ ልጅ ለማስረዳት ስትል ታጠናለች። ተዘግቶ የነበረው ደጅ በዚህ ተከፈተ።

ውድ ጓደኞቼ! በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪዎች ለዐዋቂዎች ፊደል አስቆጥረዋል፤ ትምህርቱም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የእኛ ድርሻ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ እያንዳንዳችን አንድ ዐዋቂ ብቻ ብንይዝ ሸክሙ ለማንም አይከብድም።

እናንተም የተከበራችሁ ወላጆች፣ ለመማር ብትሹ ከእኛ ከልጆቻችሁ መጠየቅን እንደ ውርደት አትቍጠሩት። እናንተ አስተምራችሁናልና ብድሩን እንድንከፍል ዕድል ስጡን።