አሮጌው መዝገብ በአዲሱ ማሽን

ሀ፦ እኅቴ ሆይ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ በቀራንዮ ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ነጋዴ ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገር ዘንድ ግድ ሆኖበታል።

ለ፦ መሻገሩስ ባልከፋ፤ ነገር ግን ስሙ እንኳ ሴጅ 50 ተብሎ ከተለወጠ ዓመታት ያለፉትን ፕሮግራም፣ አዲሱ ሥርዓት በእሺታ ይቀበለዋልን?

ሀ፦ እውነት ነው፤ ያ ሲሠራ ይህ ገና አልተፀነሰም።

ለ፦ ደግሞስ ሰኔ 30 ሒሳቡ ሳይዘጋ ማሽን መለወጥ፣ ቅዳሴው ሳይፈጸም ቤተ መቅደሱን መቈለፍ ነው።

ሀ፦ ባክአፑን በፍላሽ ቢይዝስ?

ለ፦ መልካም፤ ይሁን እንጂ ባክአፑ በአዲሱ ማሽን ተከፍቶ፣ ትራያል ባላንሱ ከቀድሞው ጋር እስከ ሳንቲሙ እስኪገጥም ድረስ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተነጥሎ በክብር ይቈይ።

ሀ፦ ይኹን፤ ተስማማን።